ጠመንጃውን ያየ ርግቧን ያጣል

በየቀኑ በአፋችን እየተመላለሱ ምን እንደተሸከሙ ሳንጠይቃቸው የምናልፋቸው ቃላት አሉ። «ዒላማ» እና «ዓላማ» ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። አንደኛው ተኳሽ የሚያነጣጥርበት ነገር ነው፤ ሁለተኛው ሰው የሚኖርለት ጉዳይ ነው። የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። «ኃጢአት»ም እንዲሁ ታሪክ አለው። የግዕዙ ግስ «ኀጥአ» በደለ ማለት ነው፤ አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለትም ነው። ገበያ ደርሰን ስንመለስ «ዘይት አጣሁ» የምንልበት «አጣ» የዚሁ ግስ ልጅ ነው። ዘመዱ የሆነው የዕብራይስጥ ግስም ሁለቱን ትርጉም አጣምሮ ይይዛል። መጽሐፈ መሳፍንት ጠጉር በምታህል ነገር ላይ ወንጭፈው ስለማይስቱ ግራኝ ብንያማውያን ሲተርክ መሳትን የገለጸበት ቃል፣ በሌላው የመጽሐፉ ክፍል ኃጢአት መሥራት ማለት ነው። ግሪኮች «ሐማርቲያ» የሚሉትም፣ በሆሜር ዘመን የተወረወረ ጦር ዒላማውን መሳቱ ይነገርበት ከነበረ ግስ የወጣ ነው።

ሁለቱ ዘመዳሞች፣ ሦስተኛው ባዕድ የሆነ ቋንቋዎች በአንድ ሐሳብ ላይ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በደል ከክፋት በፊት መሳት ነው ማለታቸው ነው። እንግዲያው አንድ ጥያቄ ይከተላል። ለመሆኑ ሰው ዒላማውን የሚስተው ለምንድን ነው? ክንዱ ዝሎ ነው? ፈቃዱ ደክሞ ነው? ወይስ ዓይኑ ሌላ ቦታ ሄዶበት?

ይህን ጥያቄ በከተማችን ብዙም በማይታወቅ አንድ ስፖርት በኩል ልመለከተው እወዳለሁ። ስፖርቱ የሸክላ ርግብ ተኩስ ይባላል። እኔ ተኳሽ አይደለሁም፤ በየአራት ዓመቱ ኦሊምፒክ ሲመጣ ሌላው ሰው ሩጫውን ሲጠብቅ እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ ይህንንም የምከታተል ሰው ነኝ። «የጠመንጃ ድምፅ ስንት ቤት በዘጋበት አገር የተኩስ ወሬ ምን ይጣፍጣል?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ቅሬታው ትክክል ነው፤ ሳልመልስለት አልጨርስም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ስፋቷ 11 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 105 ግራም የሆነች፣ ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከቅጥራን የተሠራች ትንሽ ሳህን አለች። ትራፕ በሚባለው የኦሊምፒክ ውድድር 15 ማስወንጨፊያ ማሽኖች በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተደርድረዋል። ተኳሹ ከጉድጓዱ 15 ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ይቆምና ድምፁን ያሰማል፤ ወዲያው ከፊቱ ካሉት ሦስት ማሽኖች አንዱ ሳህኗን ይወረውራታል። ወደ ግራ ትሂድ፣ ወደ ቀኝ ትሂድ፣ ቀጥ ብላ ትሂድ አያውቅም። ሳህኗ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ትነሣለች፤ ካልተመታች 76 ሜትር ያህል ርቃ ትወድቃለች። ጠመንጃው አንድ ጥይት አይተፋም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬዎችን ይበትናል። ጉዳዩ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ያልቃል።

አሠልጣኝ ለጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግረው ነገር አንድ ነው፦ ርግቧን እይ፤ ጠመንጃውን አትይ። በአፈሙዙ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ዶቃ መሰል ማነጣጠሪያ አለች። በማይንቀሳቀስ ዒላማ ላይ በአንድ ጥይት የሚተኩስ ሰው ዓይኑን በማነጣጠሪያው ላይ ያሳርፋል፤ ደግ ያደርጋል። የምትበር ሳህን የሚጠብቅ ግን እንደዚያ ካደረገ ከስሯል።

ለምን? ምክንያቱን አንባቢ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ሊያየው ይችላል። መስኮት ፊት ሆነው ጣትዎን ያቁሙ። ጣትዎን አጥርተው ካዩ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቅ ይደበዝዛል፤ ፎቁን አጥርተው ካዩ ጣትዎ ጥላ ይሆናል። ዓይን በአንድ ጊዜ የሚያጠራው አንድን ርቀት ብቻ ነው። ይህም አልበቃ ብሎ፣ በዓይናችን የኋላ ግድግዳ ላይ ነገርን አጥርታ የምታይ ቦታ እጅግ ጠባብ ናት። ክንድን ዘርግቶ የአውራ ጣትን ጥፍር መመልከት ነው፤ አጥርተን የምናየው የዓለም ክፍል ከዚያ ብዙም አይበልጥም፤ የቀረውን አእምሮ እየገመተ ይሞላዋል። በ35 ሜትር ላይ ያለችው ሳህን ደግሞ በተዘረጋ ክንድ ጫፍ ከተያዘች የምስር ፍሬ ታንሳለች። ይህችን ታክል ነገር ለማየት ዓይን ሙሉ በሙሉ እዚያ መሆን አለበት።

አሁን ተኳሹን ተመልከቱት። ሳህኗ ወጣች፤ ዓይኑ ያዛት፤ ጠመንጃው ዓይኑን ተከትሎ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሁሉም ነገር ደህና ሳለ በመጨረሻዋ ቅጽበት አንዲት ጥርጣሬ ትገባበታለች። «በትክክል ይዤአት ይሆን?» እርግጠኛ ለመሆን ዓይኑን ከሳህኗ መልሶ አፈሙዙን ያያል። እጅ የዓይን አሽከር ነውና ዓይን ሲመለስ ጠመንጃውም ይቆማል። ሳህኗ ግን አትቆምም። የእርሳሱ ፍሬ ከኋላዋ በባዶ አየር ውስጥ ያልፋል። ተኳሹ የሳታት ስላልጣረ አይደለም። መምታቱን ሳይመታ በፊት ማረጋገጥ ስለፈለገ ነው።

ሳይንሱም ይህንኑ ይመሰክራል። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ጆአን ቪከርስ በ1990ዎቹ «ጸጥተኛ ዓይን» ብላ የሰየመችው ነገር አለ፤ ከድርጊቱ በፊት ዓይን በዒላማው ላይ ረግቶ የሚቆይባት ጊዜ ማለት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በዚሁ የሳህን ተኩስ ላይ ምርጦቹን ከእነርሱ ዝቅ ካሉት ጋር ሲያነጻጽር፣ የምርጦቹ ዓይን ሳህኗን ቀድሞ ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚረጋባት አገኘ።

ታዲያ ከጠመንጃው ወደ ኑሯችን ስመለስ፣ የዕለት ተዕለት ስሕተታችን አብዛኛው የዚህ ዓይነት ይመስለኛል። ሰው ለቅሶ ሊደርስ ይሄዳል። በመንገድ ላይ የሚናገረውን ያዘጋጃል፤ ሲደርስ የተዘጋጀውን ይናገራል፤ ሲናገርም የራሱን ድምፅ ይሰማል፤ ጥሩ መናገሩን አይቶ ይወጣል። በአንድ የሰፈራችን ለቅሶ ላይ የሆነውን አስታውሳለሁ። አጽናኝ በየተራ እየገባ ስለ ሰው ልጅ ጊዜያዊነት ሲያስተምር ዋለ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ግን ገብተው ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጥቂት ቆይተው ተነሡና ውኃ አምጥተው ሟች ሚስት እጅ ላይ አኖሩ። ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምሮ ከንፈሯ መድረቁን ከዚያ ሁሉ ሰው ያዩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌሎቻችን የምንናገረውን እያየን ነበር።

እንዲህ ብናስተውል ብዙ ነገር ይታየናል። ለነዳይ ሲሰጥ የሚሰጠውን እጁን የሚያይ አለ። ከክርክር ጓደኛው ጋር ሲነጋገር የሚመልሰውን እያሰናዳ የተባለውን ሳይሰማ የሚቀር አለ። ተማሪው መረዳት አለመረዳቱን ትቶ የንግግሩን ማማር የሚያደምጥ አስተማሪ አለ። በአገራችን ቀረርቶና ፉከራም ምንሽሩ፣ ውጅግራው፣ ዲሞትፈሩ በየስሙ እየተጠራ ተወድሷል፤ ተኳሹም ስሙ ከነአባቱ ተነሥቷል። በአፈሙዙ ማዶ የቆመው ግን ብዙ ጊዜ ስም አልነበረውም።

የተኳሾቹ ሁለተኛ ትምህርት የመጠበቅ ነው። ሳህኗ ከሦስት ማሽኖች በየትኛው እንደምትወጣ ስለማይታወቅ ተኳሹ ለመገመት ይፈተናል። «ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ሄዳለች፤ አሁን ወደ ቀኝ ትሄዳለች» ይላል። ዓይኑን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ሲጠብቅ ሳህኗ በግራ ታመልጠዋለች። ስለዚህ የሠለጠነ ተኳሽ ዓይኑን በአንድ ነገር ላይ አይተክልም፤ ላላ አድርጎ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሳህኗ ስትታየው ብቻ ያጠነክረዋል። መጀመሪያ መታየት፣ ከዚያ መመልከት ነው ሥርዓቱ።

እኛ ግን ሰውን ገና ከበሩ ሳይገባ ከየትኛው ማሽን እንደተወነጨፈ የወሰንን ነን። ስሙን ሰምተን፣ የተወለደበትን ጠይቀን፣ የሚያነበውን ጋዜጣ አይተን ወዴት እንደሚበር ገምተናል። ሲናገር የምንሰማው ይላል ብለን የጠበቅነውን ነው። እርሱ በሌላ አቅጣጫ ያልፋል፤ እኛ ባዶ አየር መተን «መታሁት» እንላለን። በተኩስ ሜዳ ሳህኗ አለመሰበሯ ይታያል። በኑሮ ግን የሳትነው ነገር ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህም ሳናውቀው ዕድሜ ይሄዳል።

ሦስተኛው ትምህርት ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ነው። እርሳሱ 35 ሜትር ለመሄድ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ወደ ጎን የምትሻገር ሳህን ሁለት ሜትር ያህል ትርቃለች። ስለዚህ ተኳሹ ሳህኗ ባለችበት ቢተኩስ ይስታታል፤ ገና ባልደረሰችበት መተኮስ አለበት። ሆኖም ያንን የሁለት ሜትር ክፍተት በዓይኑ ሊለካ ቢሞክር ዓይኑ ከሳህኗ ወጥቶ በባዶ ሰማይ ላይ ያርፋል፤ አሁንም ይስታታል። መፍትሔው ዓይን ባለችበት እያያት፣ እጅ በልምምድ ብዛት ወደምትደርስበት መቅደሙ ነው።

ልጅ ማሳደግ ይህን ይመስለኛል። ወላጅ የሚሠራው ሁሉ ልጁ ገና ላልደረሰበት ዘመን ነው፤ የሚከፍለው የትምህርት ቤት ክፍያም ሆነ የሚገሥጸው ተግሣጽ ለነገ ነው። ዓይኑን ግን ነገ ላይ ከተከለ፣ «ሐኪም ትሆናለች» የሚለውን ባዶ ሰማይ እየለካ ከፊቱ ያለችውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያጣታል። የሚያስፈራት ነገር ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደምትወድ፣ ለምን ዝም እንዳለች አያውቅም። ነገን የሚያገኛት ዛሬ ያያት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ደስ የሚል ነው፤ እዚህ ላይ ባቆም በጥሩ ስብከት በጨረስኩ ነበር። ነገር ግን ሁለት ታሪኮች አያስቆሙኝም።

አንደኛው በ2004 እ.ኤ.አ. በአቴንስ የሆነ ነው። አሜሪካዊው የጠመንጃ ተኳሽ ማቲው ኤመንስ በ50 ሜትር የሦስት አቋቋም ፍጻሜ ላይ አንዲት ጥይት ሲቀረው በሰፊ ልዩነት ይመራ ነበር። ተኮሰ፤ ዒላማውንም መታ። የመታው ግን የራሱን ሳይሆን የጎረቤቱን ዒላማ ነበር። ነጥቡ ዜሮ ሆነ፤ ከወርቅ ወደ ስምንተኛነት ወረደ። በኋላ እንደተናገረው፣ ዘወትር ከዒላማው በላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ነበር ወደ ዒላማው የሚወርደው፤ በዚያች ቅጽበት ግን ራሱን በማረጋጋት ተጠምዶ ቁጥሩን አላየም። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ፣ ዒላማ ያለው ቀስተኛ እንደሚቀናው የሕይወትን ግብ ያወቀ ሰውም እንዲሁ ይቀናዋል ይላል። ኤመንስ ግን ዒላማ ነበረው፤ መታውም። ዓይን ብርቱ ሆኖ፣ እጅ ጸንቶ፣ ዒላማው የሌላ ሊሆን ይችላል። በሙሉ ልባቸው፣ በንጹሕ ትኩረት፣ የእነርሱ ላልሆነ ነገር ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን።

ሁለተኛው ታሪክ ይከብዳል። የሸክላ ርግብ ስሟን ያገኘችው ከእውነተኛ ርግብ ነው። ቀድሞ ተኳሾች በሣጥን ውስጥ የተያዙ ርግቦችን በገመድ እያስለቀቁ ይገድሉ ነበር። በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ሳህን የሚተኮስበት ውድድር በተካሄደበት ወቅት በሕይወት ያሉ ርግቦችም ተተኩሰዋል። ቤልጅጋዊው ሊዮን ደ ሉንደን 21 ርግብ ገድሎ አንደኛ ወጣ፤ በጠቅላላው 300 ያህል ወፎች ሞቱ። ያ ውድድር ከኦሊምፒክ ይቆጠር አይቆጠር የስፖርት ታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ተኳሾች ዓይናቸው በርግቧ ላይ ነበር። ጠመንጃቸውን አላዩም፤ አስቀድመው አልገመቱም፤ ክፍተት አልለኩም። የክንፏን አመታት ማንም ባላየው መጠን አይተዋል። አይተውም ገድለዋታል።

እንግዲያው በሙሉ ትኩረት ማየት ብቻውን ደግነት አይደለም። አጭበርባሪ የሚያታልለውን ሰው ከወንድሙ ይልቅ ያስተውለዋል። ሰላይም፣ መርማሪም፣ ቀማኛም ዓይናቸው ጸጥተኛ ነው። ፈረንሳዊቷ ሲሞን ቬይ ትኩረትን እስከ ጸሎት ድረስ ከፍ አድርጋ አይታዋለች። የእርሷን ሐሳብ የተከተለችው አየርላንድ የተወለደችው ፈላስፋና ደራሲ አይሪስ መርዶክም በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ስለ በጎነት ልዕልና በተጻፈ መጽሐፏ የግብረ ገብ ሥራ ዋናው ማየት ነው ትላለች። ሁለቱንም አከብራለሁ፤ ሆኖም በርግቦቹ ፊት ሳቆማቸው አንድ ነገር መጨመር ግድ ይለኛል።

የሚጨመረውን ያገኘሁት እዚያው መርዶክ ዘንድ፣ ለእኛ አገር ሰው የተጻፈ በሚመስል ምሳሌ ውስጥ ነው፤ የአማትና የምራት ምሳሌ። አማት ምራቷን አልወደደቻትም፤ ሥርዓት የጎደላት፣ ጫጫታ የምታበዛ፣ ልጅነቷ ያልለቀቃት መስላ ትታያታለች። በደግ አስተዳደግ ያደገች ስለሆነች ግን በውጭ አንድም ክፉ ነገር አታሳይም። ከዚያም ለራሷ ትላለች፦ እኔ ጥንታዊ ሆኜ፣ ወይም ቀንቼ ይሆናል፤ እስቲ እንደገና ልያት። እንደገና ስታያት ጫጫታው ደስታ፣ ልጅነቱም የዋህነት ሆኖ ተገኘ። በውጭ የተለወጠ ነገር የለም። አማቲቱ ግን ተለውጣለች።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በተኩስ ሜዳ ዓይን ለጣት ያገለግላል። ቃታው እንደሚሳብ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ያዩት ነገር ውሳኔውን ማሳመር እንጂ መሻር አይችልም። አማቲቱ ዘንድ ግን ዓይን ዳኛ ሆነ፤ ፍርድ የሰጠውን ልብ መልሶ ችሎት ፊት አቆመው። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» እንላለን። መልካም ነው፤ ግን ልብ ቀድሞ ፈርዶ ዓይንን ማስረጃ ፍለጋ የላከው እንደሆነስ? ሰውን በእውነት ማየት ማለት ያየነው ነገር ጣታችንን ሊያስቆመው እንዲችል አድርጎ ማየት ነው ባይ ነኝ። ከዚህ የጎደለው እይታ የቱንም ያህል ቢጠራ አደን ነው።

አሁን ቅሬታ ወደነበረው አንባቢ ልመለስ። አሜሪካዊው ጆርጅ ሊጎውስኪ የሸክላ ርግብን የፈለሰፈው በ1880 እ.ኤ.አ. በሲንሲናቲ ከተማ ነው። በዚያ ዘመን በሰማይ ሲሄዱ ፀሐይ ይጋርዱ የነበሩት የሰሜን አሜሪካ ተጓዥ ርግቦች በአደን እያለቁ ነበር፤ ለተኩስ ውድድር የሞቱትም ብዙ ናቸው። የዚያ ዘር የመጨረሻዋ ርግብ በ1914 እ.ኤ.አ. በዚያችው በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተች። ሰዎች ወደ ሸክላ የዞሩት በርኅራኄ ብቻ ነው አልልም፤ የርግብ እጥረትም ወጪም ነበረበት። ይሁንና ምክንያቱ ምንም ይሁን አንድ ነገር ተረጋገጠ። የዓይን ስለት፣ የእጅ ጽናት፣ የፉክክር ወኔ፣ ተኳሹ «ያለ ደም አይሆኑም» ይላቸው የነበሩት ሁሉ ያለ ደም ሆኑ። ሜዳው ላይ የድሮው ቋንቋ ብቻ ቀረ፤ ዛሬም ሳህኗን «ወፍ» ይሏታል፤ ስትሰበር «ሞተች»፣ ስትሳት «ጠፋች» ይባላል።

ግዳይ ሲቆጠር ለኖረበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይመስለኝም። ጀግንነት ብለን የምንወደው ነገር ከገዳይነት ተለይቶ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። ክርክራችን ስለቱን ሳያጣ፣ ተቃዋሚያችን ሬሳ ሳይሆን፣ የምንሰብረው ሐሳብ ብቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ግን በየጊዜው «ዒላማዬ ማን ነው?» ከማለት በፊት ማዶ የቆመው ሸክላ ይሁን ሰው መለየት ያስፈልጋል። ሸክላ ከሆነ ጠመንጃውን ረስተን ዓይናችንን ሁሉ እንስጣት። ሰው ከሆነም ዓይናችንን ሁሉ እንስጠው፤ ከዚያ ጣታችን ያየነውን ይሰማ እንደሆነ እንጠይቀው።